ፕሮቲንን የመመዘን ታሪክ፦ ከዬል ቤተ ሙከራ እስከ ስኳር ሕሙማን ክትትል

የስኳር ሕሙማንን የሚከታተል ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ በሕሙሙ ካርድ ላይ ከሚያያቸው ቁጥሮች መካከል የሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲን ያህል በአንድ ጊዜ ብዙ የሚናገር የለም ማለት ይቻላል። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የደም ስኳር መጠን በአማካይ ያሳያል፤ መድኃኒት ይጨመር ወይስ ባለበት ይቀጥል የሚለውም ውሳኔ በአብዛኛው በእርሱ ላይ ይመሠረታል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሄድ ትርጉሙን ሳይለውጥ እንዲጓዝ ያስቻለው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የመልሱ አንድ ክፍል የሚገኘው በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ስኳር ሕመም ምርምር አድርገው በማያውቁ አንድ የኬሚካል ምሕንድስና መምህር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ቤተ ሙከራ ሥራ ማስታወስና ሥራው እስከ ሕሙሙ አልጋ ድረስ የተጓዘበትን መንገድ መከተል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ፕሮቲንን መመዘን ለምን እንዳስፈለገ ማየት ተገቢ ነው። በ1949 ላይነስ ፖውሊንግና የሥራ ባልደረቦቻቸው የሲክል ሴል ሕሙማን ሂሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲጓዝ ከጤነኛው የተለየ መሆኑን አሳዩ። ልዩነቱ በትክክል የት ላይ እንዳለ የታወቀው ግን በ1956 ቨርነን ኢንግራም በካምብሪጅ ባደረጉት ምርምር ነው። 146 አሚኖ አሲዶች ባሉት የቤታ ሰንሰለት ላይ፣ በስድስተኛው ቦታ፣ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቶ ተገኘ። በክብደት ሲሰላ ይህ የ30 ዳልተን ያህል ልዩነት ነው፤ አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። የጤነኛው የቤታ ሰንሰለት ክብደት 15,867 ዳልተን ሲሆን የሲክል ሴሉ 15,837 ነው። ልዩነቱ ከሺህ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን አንድን ሕፃን በሕመም የሚያሠቃየው ይኸው ልዩነት ነው። እንግዲህ ይህን የሚለይ ሚዛን ያለው ሰው ሕመሙን ከሞለኪውሉ ላይ ማንበብ ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሚዛን በመርሕ ደረጃ ነበረ። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካምብሪጅ በጄ. ጄ. ቶምሰን ተጀምሮ በፍራንሲስ አስተን እጅ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የሚመዘነው ነገር ተን ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰጠዋል፤ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ ወይም በማግኔት ኃይል ይነዳል፤ ከመንገዱ የሚዞርበት ወይም የሚደርስበት ጊዜ ክብደቱን ይናገራል። ችግሩ «ተን ይሆናል» በሚለው ላይ ነው። እንቁላል በመጥበሻ ላይ የሰበረ ሁሉ እንደሚያውቀው ነጩ ክፍል ሲሞቅ ይረጋል፣ እሳቱ ሲበዛበትም ያርራል እንጂ ተን ሆኖ አይነሣም። ፕሮቲን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለዚህም ማስ ስፔክትሮሜትር ለረጅም ዘመን የጋዞች፣ የነዳጅ ዘይትና የትናንሽ ሞለኪውሎች መሣሪያ ሆኖ ቆየ።

ይህን ግድግዳ ለመሻገር የሞከሩ አልጠፉም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ክላውስ ቢማን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትናንሽ የፕሮቲን ቁራጮችን በኬሚካል እያለዘቡ መዝነዋል። በ1970ዎቹ በቴክሳስ ሮናልድ ማክፋርሌን የካሊፎርኒየምን ጨረራ፣ በ1981 በማንቸስተር ማይክል ባርበር ፈጣን የአቶም ውርጅብኝን ተጠቅመው ሞለኪውሎችን ከተቀመጡበት ለማስፈንጠር ችለዋል። ሁሉም የሚያስመሰግን ሥራ ነበር፤ ሆኖም በአስተማማኝ ሁኔታ ከጥቂት ሺህ ዳልተን በላይ መሄድ አዳጋች ሆኖ ቀረ።

የመርፌውና የጠብታው ነገር

ጆን ፌን በ1917 በኒው ዮርክ ተወለዱ፤ ያደጉትና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በኬንታኪ ግዛት በበሪያ ነው። በ1940 ከዬል የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው ከአሥር ዓመት በላይ በኢንዱስትሪ ሠሩ፤ በኋላ በፕሪንስተን፣ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በዬል ተመራማሪና መምህር ሆኑ። ሙያቸው ከሕክምና የራቀ ነበር። ከከፍተኛ ግፊት በትንሽ ቀዳዳ ወደ ባዶ ክፍል የሚለቀቅ ጋዝ እንዴት እንደሚስፋፋ፣ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚፈጥኑ ያጠኑ ነበር። በዚህ ጸሐፊ እምነት ታሪኩን ሊያስተውሉት የሚገባ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ በኋላ እንደምናየው የፕሮቲንን በር የከፈተው ቁልፍ የተገኘው ከዚህ የጋዝ ዕውቀት ነውና።

ሐሳቡ በመጀመሪያ የእርሳቸው አልነበረም። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማልኮልም ዶል መኪና በኤሌክትሪክ ኃይል እየተረጨ ቀለም ሲቀባ አይተው ነበር። ቀለሙ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲረጭ ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበተናል፤ እያንዳንዱም ጠብታ ቻርጅ ይዞ ይወጣል። ዶል ይህን ሲያዩ አንድ ጥያቄ መጣባቸው፤ በጠብታው ውስጥ አንድ ትልቅ ሞለኪውል ቢኖርና ፈሳሹ ሁሉ ቢተን፣ ቻርጁ ለሞለኪውሉ አይቀርለትምን? በ1968 ፖሊስታይሪን በተባለ ፕላስቲክ ሞክረው ውጤታቸውን አሳተሙ። ነገር ግን ተስማሚ መመዘኛ ስላልነበራቸው ያዩት ነገር በእርግጥ ራቁቱን የቀረ ሞለኪውል መሆን አለመሆኑ አከራካሪ ሆነ፤ ሥራውም ተረሳ ማለት ይቻላል።

ፌን የዶልን ሥራ ሲመረምሩ ስሕተቱ ወዲያው ታያቸው፤ በሙያቸው በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነበርና። ተን የተሞላ ጋዝ ወደ ባዶ ክፍል ሲለቀቅ በድንገት ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝም የፈሳሹ ተን ተመልሶ በሞለኪውሉ ላይ እንደ ጤዛ ይሰፍራል። ዶል የመዘኑት ሞለኪውሉን ብቻ ሳይሆን ጤዛውንም ነበር ማለት ነው። የፌን መፍትሔ ቀላል ነበር። ጠብታዎቹ በሚመጡበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ደረቅ ሙቅ ናይትሮጅን እንዲነፍስ አደረጉ። ነፋሱ ተኑን ጠራርጎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቻርጅ ያላቸው ሞለኪውሎች ግን በኤሌክትሪኩ እየተሳቡ ነፋሱን ሰንጥቀው ወደ መሣሪያው ይገባሉ።

ከጃፓን የመጡት ማሳሚቺ ያማሺታ በቤተ ሙከራው ይህን ሥራ ከፌን ጋር ሠርተው በ1984 ሁለት ጽሑፎች አሳተሙ። የተመዘኑት ትናንሽ ሞለኪውሎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በሌኒንግራድ የሊዲያ ጋልና የባልደረቦቿ ቡድን በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት ላይ መድረሱን ማስታወስ ፍትሐዊ ነው፤ በሩሲያ ቋንቋ በመታተሙ ብዙ ሰው አላነበበውም።

እዚህ ላይ የመሣሪያውን አሠራር በጥቂቱ ላብራራ። ፕሮቲኑ በውኃና በአልኮል መሰል ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል። ፈሳሹ በቀጭን መርፌ በዝግታ ይገፋል፤ በመርፌው ጫፍና ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ መካከል ጥቂት ሺህ ቮልት አለ። ከጫፉ ላይ ደቃቅ ጭጋግ ይወጣል። እያንዳንዱ ጠብታ በሙቁ ጋዝ ውስጥ እየተነነ ሲሄድ ያነሰ ይሆናል፤ ቻርጆቹ ግን አይተኑም። ስለዚህ እርስ በርስ እየተቀራረቡ፣ እየተገፋፉም ሄደው ጠብታውን ይበትኑታል። የተበተነው እንደገና ይተናል፤ እንደገና ይበተናል። በመጨረሻ የሚቀረው ፕሮቲኑ ብቻ ይሆናል፤ አልተቃጠለም፣ አልረጋም፣ አልተሰበረም። ፌን ይህን ለዝሆን ክንፍ እንደ መስጠት ቆጥረውት ነበር።

በሰባ ዓመት

በ1987 ፌን 70 ዓመት ሞላቸው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ሕግ መምህራን በዚህ ዕድሜ ጡረታ እንዲወጡ ያስገድድ ነበር፤ እንዲህ ያለው ደንብ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈቀደው እስከ 1993 መጨረሻ ነበር። ፌን የጡረታ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ የመሥሪያ ቦታቸውም ጠበበ። ዓለም የሚያውቃቸው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1988 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የማስ ስፔክትሮሜትሪ ጉባኤ ላይ ቡድናቸው እስከ 40 ሺህ ዳልተን የሚደርሱ ፕሮቲኖችን መዝኖ አቀረበ። ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከ1,500 በላይ ማየት የማይችል ተራ መሣሪያ መሆኑ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚያነበው ክብደትን ለቻርጅ አካፍሎ ነውና በመርፌው የወጣ ፕሮቲን አንድ ሳይሆን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ቻርጅ ተሸክሞ ይመጣል። ቻርጁ በበዛ ቁጥር መሣሪያው የሚያየው ቁጥር ይቀንሳል፤ ትልቁ ፕሮቲን በትንሹ በር ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ችግር ታይቶ ነበር። አንድ ፕሮቲን በአንድ መስመር ፈንታ በአሥርና ከዚያ በላይ መስመሮች ይታያልና ውጤቱ የተመሰቃቀለ ይመስላል። በቤተ ሙከራው ተማሪ የነበሩት ጀርመናዊው ማቲያስ ማን፣ ከቺን ካይ መንግና ከፌን ጋር ሆነው፣ መመሳቀሉ ራሱ ሀብት መሆኑን በ1989 አሳዩ። ከላይ የጠቀስነውን የሂሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት እንውሰድ። 15 ቻርጅ ሲይዝ 1,058.8 ላይ፣ 16 ሲይዝ ደግሞ 992.7 ላይ ይታያል። ጎረቤታሞቹ መስመሮች የሚለያዩት በአንድ ቻርጅ ብቻ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ይዞ ቻርጁንም ክብደቱንም በተራ ስሌት ማግኘት ይቻላል። አሥር መስመሮች ካሉ አንዱ ፕሮቲን አሥር ጊዜ ተመዘነ ማለት ነው፤ አማካዩም ከአንድ ምዘና የበለጠ የታመነ ይሆናል። ሲክል ሴልን የሚለየው የ30 ዳልተን ልዩነት ከዚህ በኋላ በቀላሉ የሚታይ ሆነ።

በዚያው ዘመን በጃፓን የሺማድዙ ኩባንያ መሐንዲስ ኮይቺ ታናካ፣ በጀርመን ደግሞ ሚካኤል ካራስና ፍራንትስ ሂለንካምፕ ፕሮቲንን በሌዘር ብርሃን ለማስነሣት ችለዋል። የጀርመኖቹ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ባክቴሪያን በደቂቃዎች ውስጥ በስሙ ለመለየት ያገለግላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለዚሁ ሥራ በ2013 ፈቃድ ሰጥቶታል። የ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሹ ለስዊዘርላንዱ ኩርት ቩትሪክ፣ ግማሹ ለፌንና ለታናካ ሲሰጥ ካራስና ሂለንካምፕ አልተጠቀሱም። ይህ በሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነሣ ቅሬታ ነው፤ በዚህ ጸሐፊም አስተያየት ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም።

ፌን ሽልማቱን ሲቀበሉ 85 ዓመታቸው ነበር፤ ከ1994 ጀምሮም ወደ ሪችመንድ፣ ወደ ቨርጂንያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ነበር። ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲያቸው ጋር በፓተንት ባለቤትነት ተካሰው ነበርና ክርክሩ በ2005 ተፈረደ። ፌን ዩኒቨርሲቲው ለፈጠራው ፍላጎት እንዳላሳየ ይናገሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ፌን የፈጠራውን ዋጋ አሳንሰው ካስረዱ በኋላ ፓተንቱን በራሳቸው ስም አወጡ ሲል ከሰሰ። የፌዴራሉ ዳኛ ለዩኒቨርሲቲው ፈረዱ፤ ፌን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ታዘዙ። ያለ ሥራ መቀመጥ ያልወደዱት ሽማግሌ በ2010 በ93 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከቤተ ሙከራ አልራቁም።

ከሚዛኑ ወደ ሕሙሙ

አሁን ወደ ተነሣንበት ቁጥር እንመለስ። በ1968 ሳሙኤል ራህባር በቴህራን ዩኒቨርሲቲ የብዙ ሰዎችን ሂሞግሎቢን ሲመረምሩ በስኳር ሕሙማን ዘንድ አንድ እንግዳ ሂሞግሎቢን እንዳለ አስተዋሉ። በኋላ እንደተረጋገጠው በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ያለ ኤንዛይም እገዛ በቤታ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ካለው ቫሊን ጋር ይጣበቃል። በክብደት 162 ዳልተን ይጨምራል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ የተጣበቀው መጠን ያለፉትን ወራት ታሪክ ይዞ ይቆያል።

የዚህ ምርመራ ዋጋ በገሃድ የታየው በ1993 ነው። በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ላይ የተካሄደው ታላቅ ጥናት፣ ኤ ዋን ሲያቸው በ7 በመቶ አካባቢ የተያዘላቸው ሰዎች ወደ 9 በመቶ ከሚጠጉት ይልቅ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት በእጅጉ እንደሚቀንስላቸው አረጋገጠ። ወዲያውም ሌላ ችግር ተከተለ። ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ብዙ ዓይነት ስለነበር ከአንድ ክንድ የተቀዳ ደም በተለያዩ ቦታዎች የተለያየ ውጤት ያመጣ ነበር። በአንዱ ላቦራቶሪ 7 የተባለ ሰው በሌላው 8 ሊባል ይችላል፤ እንግዲህ ኢንሱሊኑ ይጨመርለት ወይስ አይጨመርለት? አሜሪካ በ1996 ሁሉንም በዚያ ታላቅ ጥናት ዘዴ ልክ ለማስተካከል መርሐ ግብር አቋቋመች። ስዊድንና ጃፓን በየራሳቸው መለኪያ ያዙ። ውጤቱ በየአገሩ አንድ ሆነ፤ በአገሮች መካከል ግን ልዩነቱ ቀጠለ። ሁሉም ከራሱ ድንጋይ ጋር ያመሳከረ ሚዛን ያዘ እንጂ ድንጋዩ ራሱ ስንት እንደሚመዝን የሚያውቅ አልነበረም።

የዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን ያቋቋመው የሥራ ቡድን ከ1995 ጀምሮ የተነሣው ይህን ድንጋይ ለመመዘን ነው። መጀመሪያ የሚለካውን ነገር በማያሻማ ቋንቋ ወሰነ፤ በቤታ ሰንሰለት መጀመሪያ ባለው ቫሊን ላይ ግሉኮስ የተጣበቀበት ሂሞግሎቢን፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቀጥሎ ሂሞግሎቢኑን ግሉታሚክ አሲድ ባለበት ላይ በሚቆርጥ ኤንዛይም ቆረጠው። ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ስድስት አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ ይወጣል። ልብ ያለ አንባቢ ያስተውለዋል፤ መቁረጫው የሚያርፍበት ስድስተኛው ቦታ ኢንግራም የሲክል ሴልን ለውጥ ያገኙበት ያው ቦታ ነው። ከዚያም ግሉኮስ ያለበትና የሌለበት ቁራጭ ተለያይቶ በፌን ዘዴ በሚሠራ ማስ ስፔክትሮሜትር ይቆጠራል፤ በኤሌክትሪክ መስክ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚለይ ሁለተኛ አማራጭም አለ። ዘዴው በ2002 ታተመ።

ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በአሜሪካው መለኪያ 7.0 በመቶ የተባለው ደም በአዲሱ ዘዴ 5.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ቀድሞ የነበሩት ዘዴዎች ኤ ዋን ሲ ያልሆኑ ሌሎች ነገሮችንም አብረው ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። እውነተኛው ቁጥር ታወቀ፤ ግን ለሕሙማን እንዴት ይነገር? ለዓመታት «ከ7 በታች» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በድንገት ቁጥራቸው ወደ 5 ቢወርድ ተሻለን ብለው ይዘናጋሉ የሚል ሥጋት ተነሣ። ሥጋቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሕሙማን ዘዴ አይጠይቁም፤ ቁጥር ነው የሚያስታውሱት። በ2007 የተደረሰው ስምምነት አዲሱ ውጤት ሊምታታ በማይችል ሌላ አሐድ፣ በሚሊሞል በሞል፣ እንዲጻፍና የቀድሞው በመቶም በታወቀ ቀመር ከእርሱ እንዲሰላ ወሰነ። 7 በመቶ 53 ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ለስኳር ሕመም ምርመራ የተቀበለው 6.5 በመቶ ደግሞ 48።

በየጤና ተቋሙ ያለው መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የገበያ ሚዛን በተፈተሸ መመዘኛ ድንጋይ እንደሚፈተሽ፣ የእኛም መሣሪያ የሚስተካከልበት መመዘኛ በደረጃ ወደ ላይ ሲከታተሉት በመጨረሻ ከእነዚያ ጥቂት ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ይደርሳል። የሚዛኑ ትክክለኛነት ግን የሚመዘነውን ደም ታሪክ አይለውጥም። በወባ ወይም በሌላ ምክንያት ቀይ የደም ሕዋሳቱ ዕድሜያቸው ያጠረ ሕሙም፣ ደም የተለገሰው ሕሙም፣ የብረት ማዕድን እጥረት ያለበት ሕሙም ኤ ዋን ሲ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ፍጹም ቢሆን፣ ስለ ስኳሩ የተሳሳተ ነገር ሊናገር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕሙም ሲገጥም የደም ስኳሩን ራሱን መለካት ይሻላል።

በዚያው በ2002፣ በየካቲት ወር፣ ላንሴት መጽሔት ላይ ሌላ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ሥራ ወጥቶ ነበር። የአሜሪካ የመንግሥት ተቋማት ተመራማሪዎች ከአንድ ጠብታ ደም በሌዘር ያነሡትን ፕሮቲን በኮምፒዩተር መርምረው የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰርን መለየት እንደቻሉ አስታወቁ። 50ውን ሕሙማን በሙሉ፣ ካንሰር ከሌለባቸው 66 ሴቶችም 63ቱን በትክክል ለይተዋል። ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከተሠራጨ በኋላ የሚታወቅ በመሆኑ ዜናው ታላቅ ተስፋ አሳደረ፤ ምርመራውን ለገበያ ለማቅረብም ዝግጅት ተጀመረ።

ከኤ ዋን ሲው ሥራ ጋር ያለው ልዩነት ግን መሠረታዊ ነበር። የተመዘነው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ የለየው የመስመሮችን ቅርጽ እንጂ በስም የሚታወቅ ፕሮቲን አልነበረም። ተመራማሪዎቹ የሚያስመሰግን ነገር አድርገው መረጃቸውን ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። በሂውስተን የኤም. ዲ. አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምስ ሲመረምሩት ብዙው ልዩነት የሚታየው ክብደቱ እጅግ ዝቅተኛ በሆነው፣ የመሣሪያው ጫጫታ በሚበዛበት ክፍል ላይ መሆኑን አገኙ። የሕሙማኑና የጤነኞቹ ናሙናዎች የተሠሩበት ሁኔታ አንድ አለመሆኑን የሚያመለክት ነገርም አዩ። ኮምፒዩተሩ የለየው ካንሰርን ሳይሆን የሥራ ሁኔታን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሩ እንከን የለሽ ነው ብንል እንኳ ሌላ ስሌት ይቀራል። ከጤነኞች ወደ 5 በመቶ የሚጠጉት በስሕተት ሕሙማን ተብለዋል። ከ2,500 ሴቶች አንዷ ብቻ ሕሙም በሆነችበት ማኅበረሰብ ይህን ምርመራ ብናካሂድ አንዷን እናገኛለን፤ ከእርሷም ጋር 125 ያህል ጤነኞችን ካንሰር ሳይኖርባቸው እናስደነግጣለን። በዚህ ሕመም ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ የሚጣራው በቀዶ ሕክምና መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 ምርመራው ያለ ፈቃድ ለገበያ እንዳይውል አስጠነቀቀ፤ ሽያጩም ቀረ። በዚሁ መስክ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጀመረ ሥራ ግን መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ወደ ማወቅ አመራ። ትራንስታይሬቲን፣ አፖሊፖፕሮቲን ኤ ዋን፣ ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን፣ ትራንስፌሪንና ቀድሞ የሚታወቀው ሲኤ 125 በአንድነት የሚለኩበት ምርመራ በ2009 ፈቃድ አገኘ። አምስቱም የሚለኩት በተለመደው የፀረ እንግዳ አካል ዘዴ ነው። ፈቃዱም ጤነኛ ሴቶችን ለመመርመር ሳይሆን፣ ዕብጠት ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ከተወሰነላቸው ሴቶች መካከል ወደ ካንሰር ቀዶ ሐኪም መላክ የሚገባቸውን ለመለየት ብቻ ነው።